የችሎቱ ትእዛዝና የችሎቱ ደጃፍ

ዳኛ ወንበሩን ለቆ ወደ መንግሥት ሹመት በተሻገረ ቁጥር በአገራችን ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ ወገን «ሰውየው አደገ» ይላል። ሌላው ወገን «ሰውየው ገባላቸው» ይላል። ሁለቱ ወገኖች የማይስማሙ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚያዩት የሄደውን ሰው ብቻ ነው። ባዶ የቀረውን ወንበር የሚመለከት፣ ከዚያ ወንበር ላይ የተሰጠው ትእዛዝ ከችሎቱ ደጃፍ አልፎ ምን ያህል ርቀት እንደ ተጓዘ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ የተጻፈ ነው። በዋናነት የሚከተለው የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን የሥራ ዘመን ነው። የእሳቸው ሕይወት ዳኝነትን፣ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪነትን፣ እስርን፣ ስደትንና የመንግሥት ተቋም ኃላፊነትን በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ አከታትሎ ይዟል። በቅርብ የምናውቀው ታሪክ በመሆኑም ከስሜት ነጻ ሆኖ ማየት ያስቸግራል። ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽም ወደ ሩቅ አገር ሄደን እንመለሳለን።

የንጉሥ አፍ

የኢትዮጵያ ሕዝብ ከሕግ ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ቆሞ መልስ መስጠት ነበረበት። አላፊ አግዳሚው ሽማግሌ የመንገድ ዳኛ ሆኖ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ነገሩ በዚያ ካልበረደ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው፣ ማንም ወታደር ሳይነዳቸው፣ ወደሚቀጥለው ዳኛ ይጓዙ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሕጉን የሚያስከብረው ሌላ ኃይል ሳይሆን የሕጉ ስም ነበር።

ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ ግን ሌላ ጠባይ ነበረው። ጭቃ ሹሙም፣ ምስለኔውም፣ አገረ ገዥውም ዳኞች ነበሩ። ግብር የሚሰበስበው፣ ዘማች የሚያስከትተውና ፍርድ የሚሰጠው ያው አንድ ሰው ነው። በመሰላሉ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ታላቁ ዳኛ መጠሪያ ራሱ ሁሉን ይናገራል፤ አፈ ንጉሥ፣ የንጉሥ አፍ። ከእሱ በላይ የቀረው የንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ብቻ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ሰጡ። እነሆ፣ በታሪካችን የመጀመሪያው የፍትሕ ሚኒስትር ከዳኝነት ወንበር የመጣ ሰው ነበር ማለት ነው። ይሁንና ነሲቡ ተሻገሩ ለማለት ያስቸግራል። መሻገር የሚኖረው ሁለት ዳርቻና በመካከሉ የሚፈስ ውኃ ሲኖር ነው። በዚያን ጊዜ በዳኛውና በሹሙ መካከል ወንዝ አልነበረም። ትናንት የንጉሥ አፍ የነበረው ሰው ዛሬም የንጉሥ አፍ ሆኖ ቀጠለ፤ የተጨመረለት የአውሮፓን ልማድ የተከተለ አዲስ መጠሪያ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነጻ እንደሆኑና ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን እንደማይገዙ ደነገገ። ነገር ግን ዳኞቹን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ ዙፋን ችሎቱም እንደ ቀድሞው ተሰየመ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ አንዳች ችሎት በረሸነ ጊዜ፣ ዳኛ ነጻ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ራሱ ትርጉም አጣ። ትእዛዙ የሚጻፍበት ወንበር ጭራሹን አልተዘረጋምና።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በበኩሉ አንቀጽ 78ና 79ን ሰጠን። የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ ነው፤ ዳኞች ሥራቸውን በሙሉ ነጻነት ያከናውናሉ፤ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመሩም ይላል። በአንቀጽ 19 ደግሞ የተያዙ ሰዎች በዋስ የመፈታት መብት እንዳላቸው፣ ዋስትና የሚነፈገው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ወንዙ በወረቀት ላይ ተቆፈረ። ውኃ መኖር አለመኖሩ የታየው በ1993 ነው።

ሰኔ 1993

በመጋቢት 1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ተከፈለ። ከተሸነፈው ወገን መካከል የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ይገኙበታል። ብዙም ሳይቆይ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸው የቀረበው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ላይ በነበሩት በዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ፊት ነው።

እስቲ የዚያን ጊዜውን ሁኔታ በእርጋታ እናስብ። ተከሳሹ ለወጣቷ ዳኛ ወገን አልነበሩም፤ ለዓመታት አገሪቱን ካስተዳደረው ኃይል ቁንጮዎች አንዱ ነበሩ። በከተማው ውስጥ በመታሰራቸው የተደሰተ ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም። «እርስ በርሳቸው ይባሉ» የሚለው አነጋገር በየቡና ቤቱ ይሰማ ነበር። ዳኛዋ አቶ ስዬን ቢያስቀሯቸው ኖሮ መንግሥትም፣ ሕዝቡም፣ አለቆቻቸውም አይቆጡም ነበር። እሳቸው ግን የቀረበላቸውን መዝገብ መርምረው በዋስ እንዲፈቱ አዘዙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኛው አንባቢ ያስታውሳል። አቶ ስዬ ከችሎቱ እንደ ወጡ በጸጥታ ኃይሎች ተይዘው ወደ እስር ተመለሱ። በሰኔ ወር ፓርላማው አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አጸደቀ፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ አይፈታም የሚል ነው። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ክስተት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተፈጽመዋል፤ ልንለያቸውም ይገባል። የመጀመሪያው ሕግ መለወጡ ነው። ሕግ አውጪ አካል ሕግ ሊለውጥ ይችላል። አንድን ሰው ዓይቶ በጥድፊያ የሚወጣ ሕግ መጥፎ ሕግ ነው፤ ሆኖም በስተመጨረሻ ሊታረም የሚችል ነው። እንዲያውም በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 434 ክልከላው ላልቶ፣ ዋስትና የሚከለከለው ከአሥር ዓመት በላይ በሚያስቀጣ የሙስና ወንጀል ለተጠረጠረ ሰው እንዲሆን ተደርጓል። ሁለተኛው ክስተት ግን በአዋጅ የሚታረም አይደለም። ዳኛ ፈርማ የሰጠችው ትእዛዝ ከችሎቱ እስከ ግቢው በር ያለችውን አጭር መንገድ መሻገር አቃተው። አዋጁ የመጣው ኋላ ነው። በሩ ላይ የቆመው ሰው በዚያች ሰዓት ያከበረው ሕግ አልነበረም፤ ያከበረው ከሕጉ በላይ ያለውን አለቃ ነው።

ወይዘሪት ብርቱካን ከዳኝነት ወጥተው ጥብቅና ያዙ። ከዚያም በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ወደ ቀስተ ደመና ፓርቲ ገቡ፤ ቅንጅት ሲመሠረትም ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ። ብዙ ሰው ይህንን እርምጃ ከዳኝነት ወደ ፖለቲካ መዝለል አድርጎ ይቆጥረዋል። በእኔ ግምት ግን የ1993ቱ ክስተት ተፈጥሯዊ ውጤት ነው። ትእዛዟ በር ላይ የወደቀባት ዳኛ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀራታል፤ በሩ ላይ የሚወድቅ ትእዛዝ እየጻፉ ጡረታ መጠበቅ፣ ወይም በሩን ማን እንደሚጠብቀው ለመለወጥ መሞከር።

ያለ ችሎት የተሰጠ፣ ያለ ችሎት የተወሰደ

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ ያስከተለውን ቀውስ መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ወይዘሪት ብርቱካን ከሌሎች የቅንጅት መሪዎች ጋር በጥቅምት 1998 ታሰሩ፣ በሐምሌ 1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፣ በዚያው ወር በሽማግሌዎች አደራዳሪነት በይቅርታ ተፈቱ።

በዚሁ ዘመን ሌሎች ዳኞችም ከባድ ምርጫ ገጥሟቸዋል። ፓርላማው የምርጫውን ማግሥት ግድያ እንዲያጣራ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሰብሳቢ የነበሩት የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ናቸው። እኛ በካፋ ያለን ሰዎች ይህንን ስም በግድየለሽነት ልናልፈው አይገባም። በወረዳ ተጀምሮ ቦንጋ በይግባኝ የታየ ሙግት የመጨረሻ ተስፋው ሐዋሳ ነበር፤ የዚያ ፍርድ ቤት ራስ እኚህ ሰው ነበሩ። ኮሚሽኑ 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዘገበ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወትና ሌላው አባል ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ከወጡ በኋላ፣ አብዛኛው አባል የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር ብሎ ድምፅ እንደ ሰጠና ውሳኔውን እንዲለውጥ ጫና እንደ ተደረገበት ተናገሩ። ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት ግን ተቃራኒውን አለ። እዚህም ላይ ከወንበሩ የተሰጠ ቃል ደጃፉን አልፎ አልሄደም።

ወደ ወይዘሪት ብርቱካን እንመለስ። በ2000 ዓ.ም. አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን መሥርተው ሊቀመንበር ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ይቅርታውን ስለ ጠየቁበት ሁኔታ በውጭ አገር የተናገሩትን እንዲያስተባብሉ ከመንግሥት ጥያቄ ቀረበላቸው። «ቃሌ» በሚል ርእስ በጻፉት መግለጫ አቋማቸውን አጸኑ። በታኅሣሥ 2001 እንደገና ተያዙ፤ ይቅርታው ተሰርዞ የዕድሜ ልክ እስራቱ ተመለሰባቸው።

ልብ በሉ፤ አንድን ሰው ዕድሜ ልኩን ወደ እስር ቤት የሚመልስ ውሳኔ ሲተላለፍ ማስረጃ የሚመዝን ችሎት አልተሰየመም። ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ አስፈጻሚው አካል የዳኛዋን ትእዛዝ በር ላይ አስቀረ። አሁን ደግሞ ዳኛ የሚባል ሰው በመንገዱ ላይ እንዳይቆም አደረገ። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ልምምድ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

እሳቸው በቃሊቲ እያሉ የተፈጸመ አንድ ነገር አለ፤ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ስጦታ ነው። በ1993 በዋስ እንዲፈቱ ያዘዙላቸው አቶ ስዬ አብርሃ፣ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ከዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ጋር ሆነው የአንድነት ፓርቲ አባል ሆኑ። የመከላከያ ሚኒስትር በነበሩ ጊዜ ስለ ዳኛ ትእዛዝ መከበር ምን ያህል አስበው እንደሆነ እኔ አላውቅም። የወጣቷ ዳኛ ብዕር ከማንም በላይ ያስፈለጋቸው ግን ለእሳቸው እንደ ነበረ ታሪክ መስክሯል። ዛሬ በር የሚያስጠብቅ ሰው ነገ በዚያ በር ሊወጣ እንደሚፈልግ የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ወይዘሪት ብርቱካን በመስከረም 2003 ዳግመኛ በይቅርታ ተፈተው ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በሃርቫርድም ተማሩ።

የሴኡል መንገድ

አሁን ደግሞ ወደ ኮሪያ እንሂድ። ለምን ኮሪያ ቢባል፣ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን የተዋጉላት፣ በዚያን ጊዜ ከእኛ ጋር የምትነጻጸር ድሃ አገር ስለ ነበረች ነው። ስለ ኮሪያ ፋብሪካዎች ብዙ ተጽፏል። ስለ ችሎቶቿ ግን ጥቂት ነው የምናውቀው።

የኮሪያ ፍርድ ቤት ከመጀመሪያው የተከበረ ነበር ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1975፣ በፓርክ ቹንግ-ሂ ዘመን፣ ስምንት ሰዎች የሞት ፍርዳቸው በጠቅላይ ፍርድ ቤት በጸና በ24 ሰዓት ውስጥ ተሰቀሉ። በ2007 በተደረገ ዳግም ችሎት ሁሉም ነጻ ተባሉ፤ ለሟቾቹ ግን ምን ይፈይዳል?

ከዚህ ታሪክ በኋላ ነው ዳኞች ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር መሻገር የጀመሩት። በ2003 ፕሬዚዳንት ሮ ሙ-ህዩን፣ ራሳቸውም ለአጭር ጊዜ ዳኛ የነበሩ ሰው፣ አሥራ ሦስት ዓመት በዳኝነት የሠሩትን ካንግ ኩም-ሲልን የፍትሕ ሚኒስትር አደረጉ። ሴት ሲሾም የመጀመሪያው ነው፤ በዚያም ላይ ቦታው በልማድ የዐቃቤ ሕጎች ርስት ነበር። ዐቃቤ ሕጎቹ አጉረመረሙ። ፕሬዚዳንቱ ዐቃቤ ሕጎቹን በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሯቸው፤ የዐቃቤ ሕግ የበላይ ኃላፊውም በዚያው ዕለት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ወይዘሮ ካንግ በሥልጣን የቆዩት አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ነው።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የሁለተኛዋ ዳኛ ታሪክ ነው። ቹ ሚ-ኤ ለአሥር ዓመት ገደማ ዳኛ ነበሩ፤ ከዚያ የፓርላማ አባል፣ በ2020 የፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ። በኖቬምበር 2020 የዐቃቤ ሕግ የበላይ ኃላፊውን ዩን ሱክ-ዮልን ከሥራ አገዱ። ዩን ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በዲሴምበር 1 የሴኡል የአስተዳደር ፍርድ ቤት እግዱን አነሳ፤ ዩን በዚያው ዕለት ቢሯቸው ገቡ። ሚኒስትሯ በዲሲፕሊን መንገድ የሁለት ወር እግድ አስወሰኑ፤ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 24 ያንንም እንዲቆም አዘዘ፤ ዩን በማግሥቱ ተመለሱ። ዋናው ሙግት ለዓመታት ቀጠለ፤ ሚኒስትሯ ግን ከመንበራቸው ወረዱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን ትክክል ነበር የሚለው ለጊዜው አያሳስበንም። የሚያሳስበን የቀድሞ ዳኛ በሆነች ሚኒስትር ላይ አንድ በማዕረግ እጅግ ዝቅ ያለ ችሎት ትእዛዝ መስጠቱና ትእዛዙ በሰዓታት ውስጥ መፈጸሙ ነው። በሩ ላይ የከለከለ ሰው አልነበረም።

ዩን በኋላ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዲሴምበር 2024 ወታደራዊ ሕግ አወጁ። ፍርድ ቤት የማሰሪያ ትእዛዝ ሲያወጣባቸው ጠባቂዎቻቸው በጃንዋሪ 3 ቀን 2025 መርማሪዎቹን በር ላይ መለሷቸው። እነሆ፣ ኮሪያም በሯ ላይ የቆመ ሰው ነበራት! ልዩነቱ በጃንዋሪ 15 መርማሪዎቹ ተመልሰው መጥተው መግባታቸው ነው። በኤፕሪል 4 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ስምንት ዳኞች በአንድ ድምፅ ከሥልጣን አነሷቸው። በ2020 በችሎት ትእዛዝ ወንበሩን ያስመለሰው ሰው በ2025 በችሎት ውሳኔ ወንበሩን አጣ፤ ሁለቱም ጊዜ ትእዛዙ ተፈጸመ።

ትእዛዙ ሲመለስ

ወይዘሪት ብርቱካን በኅዳር 2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። በዚያው ሰሞን ሌላዋ የቀድሞ ዳኛ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። አገሩ በደስታ ሰከረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ልማዳችን ነውና ስካሩ ሲበርድ ስድብ ተከተለ። በ1998 ያሰራቸው ድርጅት ባቀረበው ሹመት ተቀመጡ የሚል ወቀሳ ተሰማ። ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት ሲተላለፍ፣ ትግራይ ከምርጫው ውጭ ስትሆን፣ ታዋቂ የኦሮሞ ፓርቲዎች ሳይሳተፉ ሲቀሩና ብልጽግና በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ ውጤታቸው ከታወቀ 436 መቀመጫዎች 410ሩን ሲወስድ ወቀሳው በረታ። ከወቀሳው ውስጥ እውነትነት ያለው ብዙ ነው፤ እነዚያን ድክመቶች የሰብሳቢዋ ያለፈ ታሪክ ሊሸፍናቸው አይችልም።

ነገር ግን በዚያ ምርጫ ዋዜማ የተፈጸመ፣ ወዳጅም ጠላትም በቂ ትኩረት ያልሰጠው አንድ ጉዳይ አለ። የባልደራስ ፓርቲ ታስረው የነበሩ መሪዎቹን አቶ እስክንድር ነጋንና ባልደረቦቻቸውን በዕጩነት ለማስመዝገብ ጠየቀ። ቦርዱ አልተቀበለም። ሙግቱ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ደረሰ፤ በግንቦት 2013 ሰበር ችሎቱ ዕጩዎቹ እንዲመዘገቡ ወሰነ።

ሁኔታው እንዴት እንደ ተገለበጠ ተመልከቱ። ከሃያ ዓመት በፊት ትእዛዝ ጽፈው በር ላይ የወደቀባቸው ሰው አሁን በሩ ላይ ቆመዋል። ትእዛዙ የመጣው በሚመሩት ተቋም ላይ ነው። ምርጫው ሳምንታት ቀርተውታል፤ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታትሟል። የቦርዱ የመጀመሪያ ምላሽ ውሳኔውን አሁን መፈጸም አይቻልም የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ ምላሽ የበር ጠባቂ ምላሽ ነው። በ1993 በሩ ላይ የቆመውም ሰው፣ ቢጠየቅ ኖሮ፣ የማይቻልበትን ምክንያት አያጣም ነበር። በር የሚጠብቅ ሁሉ ምክንያት አለውና።

ይሁንና ነገሩ በዚያ አላበቃም። ቦርዱ ከቀናት በኋላ ሐሳቡን ለውጦ የሰበር ችሎቱን ውሳኔ እንደሚፈጽም አስታወቀ፤ ዕጩዎቹ ተመዘገቡ፤ ስማቸው ከእስር ቤት ሆነው ለድምፅ ቀረበ። ወጪ ነበረው፤ የጊዜ ጥበትም ነበረው። ትእዛዙ ግን ደጃፉን አለፈ።

እኔ ከወይዘሪት ብርቱካን የሥራ ዘመን አንድ ቀን ምረጥ ብባል ብዙዎች የሚመርጡትን የ1993ቱን ቀን አልመርጥም። ያ ቀን ድፍረታቸውን ያሳያል፤ ድፍረት ደግሞ በአገራችን ጠፍቶ አያውቅም። ሥልጣን የያዘ ተቋም «አይቻልም» ብሎ ከቆመ በኋላ በዳኛ ትእዛዝ ወደ ኋላ የተመለሰበት ቀን ግን ብርቅ ነው። ጀግና ያልነበረበት፣ ጭብጨባም ያልተሰማበት ቀን ነው። ሕግ የሚገዛበት አገር የሚሠራው ግን በእንደዚህ ዓይነት አሰልቺ ቀናት ነው።

ከቦንጋ ሲታይ

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ወሬ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንግዲህ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በካፋ፣ በሸካ፣ በቤንች ሸኮ፣ በዳውሮና በምዕራብ ኦሞ ዞኖች እንዲሁም በኮንታ ልዩ ወረዳ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው አዲስ ክልል እንዲመሠረት ድምፅ ሰጠ። ከዋጫ እስከ ቦንጋ የተሰለፈው ሰው የያዘውን ወረቀት ያሳተመው፣ የቆጠረውና ውጤቱን ያወጀው ወይዘሪት ብርቱካን የሚመሩት ቦርድ ነው። በኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። በአንድ በኩል ሲታይ የክልላችን የልደት ወረቀት ላይ የአንዲት የቀድሞ ዳኛ ፊርማ አለበት።

የካፋ ሰው ሥልጣን ገደብ ሊኖረው እንደሚገባ ከማንም አልተማረም። በንጉሣውያኑ ዘመን ታቶው ብቻውን አይገዛም ነበር፤ ሚክሬቾ የሚባለው የሰባት አማካሪዎች ሸንጎ አብሮት ተቀምጦ ይመክራል፣ ይገድባል። በ1890 ዓ.ም. መባቻ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲማረኩ ሸንጎውም አብሮ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው ገዥ ዳኛም፣ ግብር ሰብሳቢም፣ የጦር አዛዥም ነበር። አፈ ንጉሥ ነሲቡ ሚኒስትር ከመባላቸው አሥር ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ዛሬ አዲስ ክልል፣ አዲስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አዲስ ፖሊስ አለን። የሹመት ዝርዝር በወጣ ቁጥር የምንጠይቀው ግን ያንኑ የድሮውን ነው፤ ማን ተሾመ? ከየትኛው ዞን? ከየትኛው ወረዳ? ዳኛ ሆኖ የሠራ ወጣት ወደ ፍትሕ ቢሮ ወይም ወደ ዞን አስተዳደር ሲሄድ ዘመድ ወዳጁ «እልል» ይላል፤ አደገ ነውና። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ቀላል ነው። ባለፈው ወር የወረዳው ዳኛ በዋስ ይፈታ ያለው ሰው ተፈቷል ወይ? ካልተፈታ ማን በር ላይ አስቀረው? የትኛው ሕግ ፈቀደለት?

ጥያቄው የድሮ ቁስል መነካካት አይደለም። የኦሮሞ ነጻነት ግንባር ከፍተኛ አመራሮች ፍርድ ቤት ይፈቱ ካለ በኋላ ለዓመታት ታስረው ቆይተው የወጡት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ፍርድ ቤት በዋስ የለቀቃቸውን ሰዎች ፖሊስ ይዞ ማቆየቱን በተደጋጋሚ ገልጿል። የ1993ቱ በር ጠባቂ ጡረታ አልወጣም ማለት ነው። ልብሱን ለውጦ፣ ቋንቋውን ለውጦ፣ ፓርቲውንም ለውጦ እዚያው ቆሟል።

መደምደሚያ

ወይዘሮ መዓዛ በጥር 2015፣ ወይዘሪት ብርቱካን በሰኔ 2015 ከኃላፊነታቸው ተነሱ፤ ወይዘሪት ብርቱካን ያቀረቡት ምክንያት የጤና ነው። በ2011 የሰማነው «እልልታ» በዚህ ተዘጋ። ብዙዎች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት «መልካም ሰው ቢሾምም ለውጥ የለም» የሚል ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። መልካም ሰው ተቋምን ብቻውን አይለውጥም፤ ሴኡልም ያሳየችን ይህንኑ ነው። ካንግ ኩም-ሲል አንድ ዓመት ተኩል፣ ቹ ሚ-ኤ አንድ ዓመት ያህል ቆይተው ሄዱ። ሁለቱም በሹመታቸው ያሰቡትን አልጨረሱም። እነሱ ሲሄዱ ግን ችሎቱ ቀረ፤ የችሎቱ ትእዛዝም ማንንም ሳይመርጥ፣ ሚኒስትርንም ፕሬዚዳንትንም እየነካ መሄዱን ቀጠለ።

የእኛ አባቶች በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው፣ ወታደር ሳይነዳቸው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር ብለናል። ያ የሕዝብ ልማድ ነበር፤ ከመንግሥት የተማሩት አይደለም። የጎደለን መንግሥት ራሱ ነጠላውን አቆራኝቶ ከዜጋው ጋር እኩል ወደ ዳኛ የሚሄድበት ልማድ ነው። በ2013 አንድ የመንግሥት ተቋም እያመነታም ቢሆን ይህንን አንድ ጊዜ አድርጎ አሳይቷል። አንድ ጊዜ የተደረገ ነገር ሁለተኛ ሊደረግ ይችላል፤ በቦንጋም፣ በዋጫም፣ በየወረዳው ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍም።

ቸር ይግጠመን!